ከኮርኒሱ የሚወርደው ክር

የጎረቤቴ ልጅ ለድመቷ በባትሪ የሚሽከረከር የፕላስቲክ አይጥ ገዛችላት። ዓይኑ ቀይ ያበራል፣ ጭራው ይወዛወዛል። ድመቷ አንዴ ጠጋ ብላ አሸተተችውና ፊቷን አዙራ ተኛች። ልጅቷ ተናዳ በሬን አንኳኳች፤ ቀኑን ሙሉ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተዘግታ የምትውል ድመት እንዳትሰለች ምን ይደረጋል ብላ ጠየቀችኝ። እንደ ሐኪም ተኮፍሼ ሄድኩላት። ክር አስመጣሁ፣ ጫፉ ላይ ብጣሽ ጨርቅ አሰርኩ፣ ክሩን በበሩ አናት ላይ አሳልፌ ራሴ ከበሩ ጀርባ ተደበቅኩና ሳብ ለቀቅ አደረግኩት። ድመቷ አበደች። ልጅቷ እየሳቀች ከየት እንደተማርኩት ስትጠይቀኝ፣ «ድመት እጅሽን እያየች አትጫወትም፤ እጁ መደበቅ አለበት» አልኳትና ሻይ ላፍላ ስትል ትቻት ወደ ቤቴ ገባሁ።

ድመት ወዳድ ሆኜ አይደለም የተማርኩት። እውነቱን ለመናገር ድመት አልወድም። በአስር ዓመቴ ግን ድመት ማጫወት ሥራዬ ነበር። ሥራዬን ካልሠራሁ ወንድሜን ይወስዱታል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ቤታችን መካኒሳ፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነበር። ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ በኖራ የነጣ የአቡጀዲ ኮርኒስ። አባቴ እኔ ነፍስ ሳላውቅ ሞቷል፤ እናቴ በአንድ የስፌት መኪና ነው ያሳደገችን። ወንድሜ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። አስራ ስምንት በሞላው ክረምት የብሔራዊ ውትድርና ዝርዝር ቀበሌው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ የእሱ ስም ከላይ ሦስተኛው ነበር። ከእሱ በፊት ከሰፈራችን የሄዱት ልጆች መጀመሪያ ሰሞን ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። ከዚያ ደብዳቤው ቆመ። እናቶቻቸው ሞቱ ብሎ የነገራቸው የለም፣ ስለዚህ ለቅሶ አልተቀመጡም፤ ደህና ናቸው ያላቸውም የለም። ቦኖ ላይ ወረፋ ሲይዙ ዝም ብለው ባልዲያቸውን የሚያዩ ሴቶች እነሱ ነበሩ።

እናቴ ዝርዝሩን አይታ መጣች፣ ነጠላዋን አጣጥፋ አስቀመጠች፣ ወንድሜን ኮርኒሱ ላይ አወጣችው። ለቀበሌው «አገር ቤት አጎቱ ጋ ሄዷል፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደገባ አላውቅም» አለች። ሦስት ቀን እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠዋት ዋሉ። ሦስቱንም ቀን ያንኑ ደገመች፤ በሦስተኛው ቀን ለቀቋት፤ ልጁ ከተገኘ ግን ለእሷም እንደማይራሩላት ነግረው ነው የለቀቋት።

በቆርቆሮውና በአቡጀዲው መካከል አንድ ሰው በሆዱ ተኝቶ የሚንፏቀቅበት ቦታ አለ። እናቴ ሞራሌዎቹ ላይ አራት ጣውላ አጋደመችለት። መግቢያው ጓዳ ውስጥ፣ ከቁም ሳጥኑ በላይ፣ ሚስማሩ የተነቀለ የጨርቁ ጥግ ነው። ሲመሽ፣ በር ሲዘጋ ይወርዳል፣ ይበላል፣ ወገቡን ያፍታታል፣ ተመልሶ ይወጣል። እላይ ተቀምጦ እንኳ መዋል አይችልም ነበር።

ያ ክረምት ግን ደግ ክረምት ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ወንድሜ እንደልቡ ይገላበጣል። ዝናቡ ጋብ ሲል ነው ጉዱ፤ ጣውላው ሲጥ ይላል፣ ሲጥታውም እስከ ደጅ ይሰማል። አንድ ቀን ዝናቡ ባቋረጠበት ሰዓት እትዬ ሊቀመንበር ቀሚስ ሊለኩ ቤታችን ነበሩ።

እትዬ ሊቀመንበር ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩ ጎረቤታችን ናቸው። የቀጠናው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ስለሆኑ ሰፈሩ ስማቸውን ትቶ እንዲያ ነው የሚጠራቸው። ካኪ ሸሚዝ ይለብሳሉ፤ ማን እንደገባ ማን እንደወጣ ያውቃሉ፤ ሰላምታቸው ራሱ ጥያቄ ነው። ባል የላቸውም፤ ያላቸው አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ነው፣ የወንድሜ እኩያ፣ ከእሱ ጋር አንድ ኳስ እያሳደደ ያደገ። የእሳቸው ልጅ ስም ሰሌዳው ላይ አልነበረም። ለምን እንዳልነበረ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይጠይቅም።

እንግዲህ ሜትሩ ወገባቸው ላይ እንዳለ ጣውላው ሲጥ አለ። ቀና አሉ። እናቴ አፏ ውስጥ የያዘቻቸውን ስፒሎች እንኳ ሳታወጣ፣ «ድመቷ ናት፤ አይጡ አላስቀምጥ ብሏት» አለች።

«ጎበዝ ድመት ናት» አሉና ክንዳቸውን ለልክ ዘረጉ።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ድመታችን ሥራ ያዘች። ቡራቡሬ፣ ጆሮዋ በጠብ የተቀደደ፣ አጥር ላይ ፀሐይ መሞቅ የምትወድ ተራ የሰፈር ድመት ነበረች። አሁን ግን አጥር ላይ መታየት የለባትም። እሷ አጥር ላይ ተጋድማ ኮርኒሱ ሲጥ ካለ አለቀልን። እናቴ በዚያው ቀን ከበሩ ስር ያለውን ክፍተት በጆንያ ጠቀጠቀች፣ መስኮቱን በሽቦ አጠረች፣ ወደኔም ዞራ «ከዛሬ ጀምሮ ይህች ድመት ደጅ አትወጣም፤ ጠባቂዋ አንቺ ነሽ» አለችኝ። ሰው ውሸትን አንዴ ተናግረው የሚገላገሉት ነገር ይመስለዋል። ውሸት እንደ ከብት ነው፤ በየቀኑ ይቀለባል፣ በየቀኑ ይጠበቃል።

ደጅ የለመደች ድመት ዘግተህ አይተህ ታውቃለህ? በሩን ትቧጭራለች፣ መጋረጃ ላይ ትንጠለጠላለች፣ ለስፌት የመጣ የሰው ጨርቅ ላይ ትሸናለች። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ትጮኻለች። ጩኸቷ ሰው ይጠራል። ከቦኖ የሚመለሱት ሴቶች በሩ ጋ ቆም ብለው «ምን ሆና ነው? ለምን አትለቋትም?» ይላሉ። እናቴ ከውስጥ ሆና «መርዝ የሚያስቀምጥ አለ አሉ፤ የተመረዘ አይጥ እንዳትበላብኝ ብዬ ነው» ትላለች። የሚቀለብ ሌላ ውሸት ተጨመረ ማለት ነው።

ስለዚህ ማጫወት ነበረብኝ። መጀመሪያ የጨርቅ ኳስ ሰፋሁላት፤ ሁለት ቀን ተጫውታበት ናቀችው። ቀምቼ ሸሸግኩትና በአራተኛው ቀን ሳወጣው እንደ አዲስ ተቀበለችው። ያኔ ነው ድመትን የሚያሰለቻት ዕቃው ሳይሆን ሁልጊዜ ዓይኗ ስር መዋሉ እንደሆነ የገባኝ። ከሳሙና ካርቶን ቀዳዳ የበዛበት ቤት ሠራሁላት። የዶሮ ላባ ሸምበቆ ጫፍ ላይ አሰርኩ። ምግቧን በሳህን መስጠት ትቼ የቋንጣ ፍርፋሪ በወረቀት እየጠቀለልኩ በየጥጉ፣ ከመኪናው ፔዳል ስር፣ ከአልጋው እግር ጀርባ መደበቅ ጀመርኩ፤ እሱን ስትፈልግ ግማሽ ቀን ያልፍላታል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ መጋረጃውን አንድ ጣት ያህል ገለጥ አድርጌ አጥሩ ላይ የሚያርፉትን ወፎች አሳያታለሁ። እሷ መስኮት ላይ ስትወጣ ግድግዳውን ሁለቴ ማንኳኳት አለብኝ፣ ወንድሜ እንዳይንቀሳቀስ። መንጋጋዋን እያንቀጫቀጨች ወፎቹን ታያለች። እኔ በዚያችው ስንጥቅ ከወፎቹ ወዲያ የእትዬ ሊቀመንበርን በር አያለሁ።

ክሩ የወንድሜ ሐሳብ ነው። መስከረም ጠባ፣ ዝናቡ አበቃ፣ እኔም የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ሆንኩ። እናቴ እየሰፋች ድመት ማጫወት አትችልም። ወንድሜ ከላይ ሆኖ አቡጀዲውን በመርፌ በሳና ጥቁር ክር ወደ ሳሎኑ አወረደ፤ እኔ ጫፉ ላይ ብጣሽ ጨርቅ አሰርኩለት። በሆዱ እንደተኛ ጣቱን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው፤ ጣውላው አይሰማም። ታች ግን ድመቷ ትዘላለች፣ ትገለበጣለች፣ አድብታ ትወረወራለች። ሰው ሲመጣ ክሩን ወደ ላይ ይስበዋል፤ ብጣሹ ጨርቅ ኮርኒሱ ላይ እንደ ዝንብ ተለጥፎ ይቀራል። የመጀመሪያው ቀን ድመቷ ስታ ግድግዳ ስትመታ ወንድሜ ሳቁን በክርኑ ሲያፍን ሰማሁት። ከወጣ ጀምሮ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ማን ማንን ያጫውት እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ደስ ያለኝ ግን እንዲህ ነው ብዬ አልናገረውም።

ክፋቱ ድመት ሞኝ አይደለችም። ሳምንት ሳይሞላ ክሩ በማይኖርበት ሰዓት ሁሉ ከቀዳዳዋ ስር፣ ሳሎኑ መሃል መቀመጥ ጀመረች። አንገቷን ወደ ኮርኒሱ ታቀናለች፣ ትጠራዋለች። እናቴ ይህን ያየች ቀን ፊቷ አመድ መሰለ።

«ጠቋሚ አሠለጠናችሁልኝ!» አለች ድምፅዋን አፍና። «ደጅ ያለው ጠቋሚ አንሶ ነው?»

ቀዳዳዋን በወረቀትና በዱቄት ሙጫ ለጠፈችው። ድመቷ ግን ወረቀቱንም ማየት አላቆመችም። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባል የለ፤ አመሉን ያስያዝናት ደግሞ እኛው ነን።

በጥቅምት አንድ ከሰዓት እትዬ ሊቀመንበር ያለቀውን ቀሚስ ሊወስዱ መጡ። አንኳኩተው ክፈቱ እስኪባል አይጠብቁም፣ ያንኳኳሉም ይገባሉም። ድመቷ እንደ ልማዷ ከቀዳዳዋ ስር ነበረች። ላነሳት ስል ቀደመችኝና በርጩማው ላይ ቁጭ ሲሉ ዘላ ጭናቸው ላይ ወጣች። ይደባብሷት ጀመር። እናቴ ፔዳሉን አላቆመችም፤ መኪናው እስከጮኸ ድረስ ደህና ነን። ታዲያ ክሩ ተበጠሰባት። መርፌው ውስጥ ለማስገባት ጎንበስ እንዳለች፣ በዚያች ጸጥታ መሃል፣ ጣውላው ሲጥ አለ። ረጅም ነበር፤ ሰው ከጎን ወደ ጎን ሲገላበጥ የሚሰማው ዓይነት።

እትዬ ሊቀመንበር ወደ ላይ አላዩም። ጭናቸው ላይ የተጠቀለለችውን ድመት አዩ። ከዚያ እናቴን አዩ።

«አይጥ ነው» አልኩ እኔ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

«ትልቅ አይጥ ነው» አሉ። ድመቷን ቀስ አድርገው መሬት አስቀመጡ፣ ቀሚሳቸውን ክንዳቸው ላይ አጋደሙ፣ «ነገ እመለሳለሁ» ብለው ወጡ።

እንዴት እንዳደርን አልናገርም፤ ሆድ ይፍጀው። ወንድሜን ለማሸሽ እንኳ መንገዱ ሁሉ ኬላ ነው፤ ስንቅም መድረሻም አላዘጋጀንም። ጠዋት በሩ ሲንኳኳ እናቴ ወንድሜ ወዳለበት ወደ ኮርኒሱ አይታ አማተበች። የመጡት ግን ብቻቸውን ነበሩ። ከጋቢያቸው ስር አንዲት ጥቁር፣ ጡት የጣለች ግልገል ድመት አወጡና እጄ ላይ አስቀመጧት።

«ለዚህ ቤት አንድ ድመት አትበቃም» አሏት እናቴን። «አይጣችሁ በዝቷል። አንዷ እንግዳ ጭን ላይ ስትተኛ፣ አንዷ እላይ ሥራ ላይ ትሁን።»

እናቴ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። ክንዷን ይዘው አነሷት። «እኔ ድመት ነው የሰጠሁሽ። ሌላ ያየሁት የለም፣ የሰማሁትም የለም። ከአያያዝ ይቀደዳል ከአነጋገር ይፈረዳል፤ አፍሽን ያዢ፣ የልጅቷንም አፍ ያዢ» ብለው ሄዱ።

ሰው እፎይ ያልን ይመስለዋል። እኔ ከዚያ በኋላ ነው የባሰ የፈራኋቸው። በፊት ቢያውቁስ ብዬ ነበር የምፈራው፤ አሁን ያውቃሉ። በአጥሩ ማዶ ሲያስሉ ግድግዳውን ሁለቴ አንኳኳለሁ። መንገድ ላይ ራሴን ሲደባብሱኝ እጃቸው ይከብደኛል። ያ ሁሉ ሕይወታችን በአንድ ሰው ደግነት ላይ ቆሞ ነበር፣ የሰው ደግነት ደግሞ ያድራል አይባልም።

ጥቁሯ ግልገል ሌት ተቀን እናቷን ትጠራ ጀመር። ኳሱም ካርቶኑም አላባበላትም። ስለዚህ ወንድሜ ወረቀቱን በሳው፣ ክሩ እንደገና ወረደ፤ እናቴም አይታ እንዳላየች ሆነች። ያቺ ድመት ደጅ የሚባል ነገር አታውቅም። አጥር አልወጣችም፣ ወፍ አልያዘችም። ለእሷ ዓለም ማለት ከሰማይ የሚወርድ ክር ነው። ትልቋ አንዳንዴ ትሰላቻለች፣ ጥቁሯ ግን ክሩ እስኪወርድ ከቀዳዳዋ ስር ትተኛለች፣ ሲወርድ ትነቃለች። እትዬ ሊቀመንበር አልፎ አልፎ ብቅ ይሉና ከሁለቱ አንዷን ብቻ ሲያዩ፣ «ሌላዋ ሥራ ላይ ናት?» ይላሉ። ፈገግ ሳይሉ።

በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ ወታደሮች የሰፈሩን ኳስ ሜዳ በአራት ማዕዘን ከበቡት። ተመልካቹን ትተው ተጫዋቾቹን መኪና ላይ ጫኑ። የእትዬ ሊቀመንበር ልጅ በረኛ ነበር። የማን ልጅ እንደሆነ ተናገረ አሉ፤ የሰማው የለም። እሳቸው ካኪ ሸሚዛቸውን እየቆለፉ ሲሮጡ በስንጥቋ አየኋቸው። ቀበሌ ሲደርሱ የተባሉትን ቦኖ ላይ ሰማሁ፤ የቀጠናው ኮታ በአንድ ሰው ጎድሎ ነበር፣ የጎደለው መሞላት አለበት፣ እርስዎም ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ ነው ያሏቸው። ሴቶቹ አንዳንዶቹ «ይበላቸው» አሉ፤ አንዳንዶቹ ባልዲያቸውን አዩ።

ያ የጎደለ አንድ ሰው የት እንዳለ ከእሳቸውና ከእኛ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ወንድሜ በዚያ ምሽት ወርዶ ጫማውን ጠየቀ። እጄን ልስጥና እሱን ይመልሱት አለ። እናቴ ጫማውን አቅፋ በሩ ላይ ቆመች። «ብትሄድ እሱን የሚመልሱት ይመስልሃል? ሁለታችሁንም ነው የሚወስዱት! እኔንም ያስሩኛል፣ ይህችንስ ማን ያሳድጋታል?» አለች። ልክ ነበረች። እሱም ልክ እንደሆነች ያውቃል፤ ቁም ሳጥኑን ረግጦ በባዶ እግሩ ተመልሶ ወጣ። እኔስ ምን ተሰማኝ? ደስ አለኝ። የእኛ ባለመሆኑ ደስ አለኝ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

እትዬ ሊቀመንበር በራቸውን ዘጉ። እናቴ ምግብ ሠርታ ወሰደችላቸው፤ አልከፈቱም። ደጃፋቸው ላይ ትታው መጣች፤ በማግስቱ ሳህኑ እንደተከደነ ነበር። እያንዳንዱን ቀን የምንኖረው ያ በር እስኪከፈት ነበር፤ ሲከፈት ደግሞ ወደ ቀበሌ ይሄዳሉ ወይስ ወደ ቦኖ ብዬ ስንጥቋ ላይ አፍንጫዬን ለጥፌ አያለሁ። ድመቶቹን ማጫወት ረሳሁ። ኮርኒሱም ላይ ክር የሚያወርድ አልነበረም፤ ወንድሜ ለቀናት አልተንቀሳቀሰም። ጥቁሯ ከቀዳዳዋ ስር ሆና ትጣራለች።

በጥር፣ ጥምቀት አልፎ አስተርዮ ማርያም ሁለት ቀን ሲቀራት፣ በሩ ተንኳኳ። እንደ ወትሮው አልገቡም፤ እስኪከፈትላቸው ቆመው ጠበቁ። ካኪውን አውልቀው ነጠላ ለብሰዋል። ከስተዋል። ያንኑ በርጩማ ስቤ ሰጠኋቸው። ጥቁሯ ሄዳ ጭናቸው ላይ ወጣች፤ ቡራቡሬዋም ተከትላ እግራቸው ስር ተኛች። ሁለቱም ድመቶች ዓይናችን ፊት ነበሩ፤ እላይ ሥራ ላይ ያለች አልነበረችም።

እናቴ «እንዴት ነዎት እትዬ?» አለች።

ያኔ ከላይ ድምፅ መጣ። ሲጥታ አልነበረም። ወንድሜ ነበር፣ የእሳቸውን መምጣት ሰምቶ፣ አፉን በክርኑ አፍኖ የሚያለቅስ። ይህን ድምፅ የምታወጣ ድመት የለችም። እናቴ እግሯን ፔዳሉ ላይ አደረገች፣ አልረገጠችውም። ሦስታችንም ቁጭ ብለን ሰማነው። እትዬ ሊቀመንበር የጥቁሯን ጀርባ እየደባበሱ እስኪያልቅ ሰሙት። ያን ያህል ሰዓት አልነበረም ይሆናል፤ ለእኔ ግን ከዚያ የረዘመ ነገር እስከ ዛሬ አልመጣብኝም።

«ድመቴን ልወስድ ነው የመጣሁት» አሉ በመጨረሻ። «ቤቱ ጭር አለብኝ።»

«ይውሰዷት እትዬ» አለች እናቴ።

እንደ አመጣጧ በልብሳቸው ስር ሸጉጠዋት ወጡ። እናቴ በሩን ዘግታ ዞረች። ሐዘን ይሁን ማስጠንቀቂያ አልጠየቀችም፣ ለማወቅም አልጠበቀችም። አንድ ነጭ አቡጀዲ አወጣችና ሁለት ቀን ሙሉ ሰፋች። አስተርዮ ማርያም ሲነጋ ወንድሜ በእናቴ አገር ሴት አለባበስ፣ ሻሽ አስሮ፣ ነጠላውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ በእናቴና በኔ መሃል ሆኖ ወጣ። መንገዱ ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚሄዱ ነጭ በነጭ ሴቶች ተሞልቶ ነበር። ስድስት ወር በሆዱ ተኝቶ የዋለ ሰው ስለሆነ እንደ ባልቴት ጎብጦ ነው የሚራመደው፣ ያም ጠቀመን። በእትዬ ሊቀመንበር በር ስናልፍ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ማንም አልወጣም። ሀና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ከሕዝቡ መሃል፣ እናቴ አስቀድማ የላከችባቸው አንድ ዘመዳችን ባልቴት እጁን ይዘው ወሰዱት፤ ከዚያ በእግር በእግር ወደ አገር ቤት ዘለቀ።

ወንድሜ ተርፏል። የእትዬ ሊቀመንበር ልጅ አልተመለሰም፣ ደብዳቤም አልጻፈም። ያን ጊዜ ግን ይህን አናውቅም፤ ፈታሾቹን ነበር የምንጠብቀው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ የእግር ኮቴ በሰማን ቁጥር ዘለን እንነሳለን። ሳምንት ሆነ፣ ሁለት ሳምንት ሆነ፤ ማንም አልመጣም። እናቴ ከበሩ ስር ያለውን ጆንያ ነቀለችው። ቡራቡሬዋ በዚያው ቀን አጥሯ ላይ ወጥታ ፀሐይ መሞቅ ጀመረች፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከቦኖ ስመለስ እትዬ ሊቀመንበር በራቸው ላይ ቆመው ጠሩኝ። «ነይ አንቺ ልጅ፣ ግቢ።» ባልዲዬን ደጅ አስቀምጬ ገባሁ። ቤታቸው ንጹሕ ነበር፣ የልጃቸው የበረኛ ጓንት ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ወለሉ መሃል ጥቁሯ ድመት ተቀምጣለች። አንገቷን ቀጥ አድርጋ ኮርኒሱን ታያለች፣ ትጣራለች።

«ከወሰድኳት ጀምሮ እንዲህ ናት» አሉ። «ወተት ሰጠኋት፣ ሥጋ ሰጠኋት። በሩን ከፈትኩላት፣ አትወጣም። ምንድን ነው ያስተማራችኋት?»

ውሸቴ ሁሉ አልቆ ነበር። «ክር ነው እትዬ» አልኳቸው። «ከላይ ክር ይወርድላታል። እሱን ነው የምትጠብቀው።»

ማን ነው የሚያወርድላት አላሉኝም። ሳጥናቸውን ከፍተው ክር አወጡ፣ መዶሻና ሚስማር አመጡ፣ በርጩማ አስቀመጡልኝ። ወጥቼ ሚስማሩን ሞራሌው ላይ መታሁ፣ ክሩን አሰርኩ፣ ጫፉ ላይ ብጣሽ ጨርቅ ቋጠርኩ። ክሩ ቀጥ ብሎ ተንጠለጠለ። ድመቷ ተነስታ መጣች፣ በእጇ አንዴ መታችው። ከዚያ ተቀምጣ ሳብ እስኪልላት ጠበቀች። ክሩ ትንሽ ተወዛወዘና ቆመ። ወደ ላይ አይታ እንደገና መጣራት ጀመረች።

«እጅ ያስፈልገዋል» አልኩ። «ከላይ የሚስበው…» ብዬ አቋረጥኩት።

እትዬ ሊቀመንበር የልጃቸው አልጋ ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። ዓይናቸው ደረቅ ነበር።

«አንቺን ትሰማሽ ይሆናል፣ ንገሪያት» አሉኝ። «የእኔ ኮርኒስ ላይ ማንም የለም በያት።»

አላልኳትም። ከበርጩማው ወርጄ ባልዲዬን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።